ካርቶኑን ተዉት፣ ፊውዙን አንብቡ

አባቴ ላዳ ታክሲ ይነዳል። እኔ ልጅ ሆኜም ይነዳ ነበር፤ ዲግሪዬን ይዤ «ጋዜጠኛ ነኝ» ማለት ከጀመርኩ ከአስር ዓመት በኋላም ይነዳል። የመኪናዋ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ሦስት ጊዜ ታድሷል፣ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ወርዷል፣ ወንበሯ ስንት ጊዜ እንደተለበጠ እሱም አያስታውስም። አንድ ነገር ግን ከዚያች መኪና ጠፍቶ አያውቅም፤ ሬዲዮ። ጠዋት ዜና፣ ከሰዓት ስፖርት፣ ማታ ዘፈን። «ሰው ጭኜ ዝም ብዬ ስነዳ ቀብር የምሄድ ይመስለኛል» ይላል።

ባለፈው ዓመት የቴፑ ድምፅ ጠፋ። መብራቱ ይበራል፣ ጣቢያው ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም። ሙሉ ቴፕ ከመቀየር አንድ አምፕሊፋየር ገዝቶ ከጀርባው ማያያዝ ይሻላል ብዬ መከርኩት። ቴፑ ለውጭ አምፕ የሚሆን መውጫ ነበረው። እቁብ ደርሶት ስለነበር እሺ አለ፤ አብረን ሄድን።

ሱቁ ውስጥ ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። አንዱ 600 ዋት፣ ሌላው 800 ዋት፣ የእኛ ደግሞ 1200 ዋት ይላል። ጽሑፉ በወርቃማ ቀለም ነው፣ ከጎኑ እሳት ተስሏል። ሻጩ «ለላዳ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለ። እኔም ካርቶኑን አንስቼ ከላይ እስከ ታች ለአባቴ አነበብኩለት። 7 ሺህ ብር ከፍለን ወጣን።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም። መጀመሪያ ድምፁ ጎረነነ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሱቁ «መኪናው ነው የገደለው» ብሎ መለሰን። አባቴ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ቤት ስንደርስ ብቻ፣ መኪናዋን እየቆለፈ፣ «ካርቶኑን ያነበብከው አንተ ነህ አይደል?» አለኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ያ ነው የከበደኝ። ለሰው አንብቦ መንገር እንጀራዬ ነው።

*

የሞተውን አምፕ ይዤ ወደ ሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ሱቃቸው ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ጋሼ ካርቶኑን አላዩትም። አምፑን ገልብጠው ከጀርባው ጥግ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ፊውዝ፣ አባቴ «ባልቦላ» የሚላትን፣ ነቅለው መነጽራቸው ስር አስጠጓት።

«ስንት ዋት ነው አሉህ?»

«1200፣ ጋሼ።»

«እሱ ካርቶኑ ነው። ፊውዙ ስንት ይላል?»

አየሁት። 10 ይላል። አስር አምፔር።

«አስላዋ፣ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ።

ስሌቱ የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። ኃይል ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። መኪና ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ ይኖራል። 14 በ10 ሲባዛ 140 ዋት። ያ ፊውዝ ሳይቃጠል ያለማቋረጥ ወደ ሳጥኑ ሊገባ የሚችለው በሙሉ ይህ ነው። የገባውም ሁሉ ድምፅ ሆኖ አይወጣም። እንዲህ ያለ አምፕ ከሚወስደው ኃይል ውስጥ ሲሶው፣ አንዳንዴም ከሲሶ በላይ፣ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለስፒከሮቹ የሚተርፈው ከ80 እስከ 90 ዋት ቢሆን ነው። እሱም ለሁሉም ስፒከር ተከፋፍሎ።

በተቃራኒው እንሂድ። እውነት 1200 ዋት ቢያወጣ ኖሮ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳን ከባትሪው ከ85 አምፔር በላይ ይጠይቅ ነበር። የአሮጌ ላዳ ዲናሞ ደግሞ ሁሉን ጨርሶ ቢሰጥ ከ40 እስከ 55 አምፔር ገደማ ነው። የፊት መብራቱም፣ ሞተሩም፣ ባትሪውም ከዚያው ነው የሚበሉት። ካርቶኑ መኪናዋ የሌላትን ነው ቃል የገባው።

ታዲያ 1200 ከየት መጣ? በዚህ ንግድ ውስጥ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ» የሚባል አቆጣጠር አለ። ለቅጽበት ታህል ጊዜ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢበላሽ፣ ሊታሰብ የሚችል ከፍተኛ ጉልበት ማለት ነው። ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ የለውም። አምራቹ የፈለገውን ይጽፋል።

ፊውዝ ግን እንዲህ አይደረግም። የተሳሳተ ቁጥር የተጻፈበት ፊውዝ ወይ ያለ ጊዜው ይቃጠላል፣ ወይ ሳይቃጠል ዕቃውን ያቃጥላል። ስለዚህ የአንድን ዕቃ ትልቁን ውሸት የምታገኙት ካርቶኑ ላይ ከሆነ፣ እውነቱን የምታገኙት ፊውዙ ላይ ነው።

*

«ስንት ዋት ቢሆን ይበቃዋል ታዲያ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ስድስት» አሉ ጋሼ።

«ስድስት መቶ?»

«ስድስት። በግራ ስድስት፣ በቀኝ ስድስት። ራስህ ትሠራዋለህ።»

የሳቅኩት በስድስቱ ነው ወይስ «ራስህ» በሚለው፣ አላስታውስም። ጋሼ ግን አልሳቁም። ከመሳቢያ አንዲት አምስት እግር ያላት ጥቁር አይሲ አወጡ። ቲዲኤ2003 ትባላለች። ለመኪና ሬዲዮ ተብላ የተሠራች የድሮ አይሲ ናት፤ ከ8 እስከ 18 ቮልት ትሠራለች።

ስድስት ዋት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ያስረዱኝ በወረቀት ላይ ነው። ሞተሩ እየሠራ 14.4 ቮልት አለ እንበል። ቀላል አምፕ ድምፁን የሚያወዛውዘው በዚህ ቮልት መሐል ላይ ቆሞ ነው፤ ወደ ላይ 7.2፣ ወደ ታች 7.2። ከዚያ በላይ ልውጣ ቢል ጣሪያ አለ፣ ልውረድ ቢል ወለል አለ። 7.2 በራሱ ሲባዛ 51.84 ይሆናል። የመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነውና በሁለት እጥፉ፣ ማለትም በ8፣ ስናካፍለው 6.48 ዋት። አይሲዋ ራሷ የምታስቀረው ጥቂት አለ። ስድስት ይቀራል፤ ያውም ድምፁ ጫፉ ላይ መሰበር ሲጀምር።

ሁለት አምፖችን በተቃራኒ አቅጣጫ አጣምሮ ውዝዋዜውን እጥፍ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ወደ 26 ዋት። ዛሬ የምንገዛቸው አብዛኞቹ የመኪና ቴፖች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ታዲያ ለምን ፊታቸው ላይ «50 ዋት × 4» ተብሎ ይጻፋል? 14.4ን በራሱ አባዙት፣ ለ4 አካፍሉት፤ ያው 51.84 ይመጣል። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። ነገር ግን የሚገኘው ድምፁ ሙዚቃ መሆኑን ትቶ ከጣሪያ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ጣሪያ ብቻ ሲዘል ነው። ሰው የሚሰማው ዘፈን እንዲህ አይደለም። ጥርት ባለ ድምፅ ከእነዚህ ቴፖች በአንድ ስፒከር የሚገኘው 20 ዋት አካባቢ ነው።

ይህንን ልዩነት ልብ በሉልኝ። የ1200ው ቁጥር ውሸት ነው። የ50ው ግን ውሸት አይደለም፤ አንባቢው ላልጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስድስት ዋት ይበቃል ወይ? ጆሯችን የሚቆጥረው እንደ ካልኩሌተር አይደለም። ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አስር እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ 60 ዋት ከ6 ዋት የሚበልጠው በጆሮ እጥፍ ያህል ብቻ ነው። የላዳ ውስጥ ደግሞ አዳራሽ አይደለም። ስፒከሩ ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው፤ ከአባቴ ጆሮ አንድ ሜትር ተኩል ቢርቅ ነው።

*

ዕቃውን ለመግዛት መርካቶ ገባሁ። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ቢሆንም ዕቃዎቹ ጥቃቅን ናቸው። አራት አይሲ፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ ካፓሲተሮች፣ ሁለት ሜትር ገመድ። ሙቀት ማብረጃ አሉሚኒየሙን ምናለሽ ተራ ከተፈታ የድሮ ኮምፒውተር ላይ አገኘሁት። ሁሉም ተደምሮ የዚያን ካርቶን ሩብ አልሆነም። አራት አይሲ የገዛሁት ጋሼ «ሁለቱ ለአንተ፣ ሁለቱ ለስህተትህ» ስላሉኝ ነው። ገበያው ላይ ስሙ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት አይሲም አለ፤ ከአራቱ አንዷ ገና ከጅምሩ አልሠራችም።

የወረዳው አሠራር ይህ ነው። ከአምስቱ እግሮች በአንደኛው ድምፅ ይገባል። በሁለተኛው አይሲዋ የራሷን ሥራ መልሳ ታያለች፤ ያወጣችውን ካስገባችው ጋር እያመሳከረች ታርማለች። ሦስተኛው ማሳ ነው፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው መስመር። አራተኛው የድምፅ መውጫ፣ አምስተኛው ከባትሪ የሚመጣው ነው። ሁለት ሬዚስተሮች፣ አንዱ 220 ኦም ሌላው 2.2 ኦም፣ ድምፁ ስንት እጥፍ እንደሚያድግ ይወስናሉ፤ መቶ እጥፍ። ከስፒከሩ በፊት የምትቆመው ትልቋ ካፓሲተር፣ 1000 ማይክሮ ፋራድ፣ የባትሪው ቮልት ወደ ስፒከሩ እንዳያልፍ አግዳ ድምፁን ብቻ ታሳልፋለች። በመግቢያው ላይ የድምፅ መመጠኛ ቮሊዩም ጨመርን፤ ከቴፑ የሚመጣው ለመቶ እጥፍ ስለሚበዛ።

ይህንን ስጽፍ ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ የበየድኩት ጎን የቁራ ጎጆ ይመስል ነበር። ጋሼ በዝምታ አይተው «ባትሪው ላይ በቀጥታ እንዳትሰካው» አሉኝ። የመኪና የፍሬን መብራት አምፖል አምጥተው በባትሪውና በአምፑ መካከል አያያዙት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሥራዬ ትክክል ከሆነ አምፑ የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ አምፖሉ አይበራም። ስህተት ካለ አምፖሉ ይበራል፣ ጉዳቱንም ራሱ ይሸከማል።

ሰካሁት። አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ።

በሦስተኛውና በአምስተኛው እግር መካከል የጤፍ ፍሬ የምታህል የብየዳ እርሳስ ፈስሳ አገናኝታቸዋለች። አምፖሉ ባይኖር ኖሮ አይሲዋም ገመዱም ይሄዱ ነበር። አጸዳሁት፣ እንደገና ሰካሁ። አምፖሉ ጨለማ ሆነ። ጋሼ በጣታቸው መግቢያውን ነካ አደረጉት፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው አሮጌ ስፒከር «እእእእ» አለ። ጣታቸውን እየነቀነቁ «ይኸው ተናገረ» አሉ።

ሠላሳ ዓመት አልፎኝ በእጄ ሠርቼ የተናገረልኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

*

መኪናዋ ላይ ስንገጥመው ችግር አላጣንም። ሞተሩ ሲነሳ ከስፒከሩ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ፉጨቱም ይወጣል። የዲናሞው ድምፅ ነው። ቴፑ ማሳውን ከአንድ ቦታ፣ አምፑ ከሌላ ቦታ ስለወሰዱ ነበር። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለችው ትንሽ የቮልት ልዩነት መቶ እጥፍ ሆና ትሰማለች። ሁለቱንም ከአንድ ብሎን ስር አሰርናቸው፤ ፉጨቱ ጠፋ። አባቴ ሬዲዮውን ከፈተ። ዜና ነበር። ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ሰውየው ጉንፋን ይዞታል» አለ፣ ስለ ዜና አንባቢው። በፊት በነበረው አምፕ እንዲህ ያለ ነገር አይለይም ነበር።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ታሪክ ይሆን ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ አባቴ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ ከዳሽቦርዱ ስር ጭስ ወጣ። ከኋላ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ተሳፍረዋል። ዳር ይዞ አቆመ፣ እነሱን አስወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ። ከባትሪው የሚነሳው የእኔ ገመድ ልባሱ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። መፍቻ የሚፈልግበት ጊዜ አልነበረውም፤ በባዶ እጁ ይዞ በጠሰው።

ማታ ደወለልኝ። «ድምፁ ጥሩ ነው» አለ። «መኪናዋ ግን ልትቃጠል ነበር።»

የቀኝ መዳፉ ላይ ገመዱ የተኛበት መስመር አሁንም አለ።

ፊውዝ ረስቼ አልነበረም። ስለ ፊውዝ እንዲያ ከተማርኩ በኋላ እንዴት እረሳለሁ? ሁለቱም ጎን ተደምሮ በሙሉ ድምፅ የሚወስደው ከአንድ አምፔር ትንሽ በላይ ስለሆነ የ3 አምፔር ፊውዝ ገጥሜያለሁ። የገጠምኩት ግን አምፑ ሳጥን ላይ ነው፤ ልክ የዚያ የ1200 ዋቱ ሳጥን ላይ እንዳየሁት። ገመዱ ደግሞ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባው በቆርቆሮ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ላስቲክ አላለበስኩትም። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር የቆርቆሮው ጠርዝ ገመዱን ሲልጥ ከርሞ አንድ ቀን መዳቡን ነካው። መዳቡ የባትሪው፣ ቆርቆሮው የማሳው ነው። ሲገናኙ የመኪና ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያፈሳል። የእኔ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ በሌላኛው ጫፍ ቁጭ ብሎ ምንም አላየም። ጅረቱ እሱ ጋ ሳይደርስ ነው የታጠፈው።

ጋሼ አልተቆጡኝም፤ ጠየቁኝ።

«ፊውዙ የሚጠብቀው ማንን ነው?»

«አምፑን።»

«አምፑማ ራሱን ያቃጥልና ይሞታል። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ገመዱ ውስጥ ደግሞ አባትህ ተቀምጧል። ቦታው ባትሪው ጋ ነው፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ።»

ፊውዙን ባትሪው አጠገብ ገጠምኩ። ቀዳዳውን ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አለበስኩት። ገመዱንም ቀየርኩ። ጊዜው ግማሽ ቀን፣ ወጪው ከሁለት ማኪያቶ የማይበልጥ ነው።

*

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነውና።

ከዓመታት በፊት፣ ገና ለተለያዩ ቦታዎች በቁራጭ ክፍያ መጻፍ ስጀምር ስለ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አንድ ጽሑፍ ሠራሁ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑን ይዣለሁ። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። አባዛሁትና «ግድቡ ሲጠናቀቅ በዓመት 45 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት ያመነጫል» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢው አሳለፈው። ሰው አጋራው፣ ሌላ ሰው ቆርጦ ለጠፈው።

በአምስተኛው ቀን አንድ አንባቢ፣ መሐንዲስ ናቸው፣ በትሕትና ጻፉልኝ። 5,150 ማለት ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ ጉልበት በአንድ ጊዜ ሲዞሩ የሚገኘው ነው። ወንዙ ግን ዓመቱን ሙሉ ያንን ያህል ውሃ አያመጣም። ከግድቡ በዓመት የሚጠበቀው ወደ 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ለ8,760 ሰዓት ስታካፍሉት አማካዩ 1,800 ሜጋ ዋት ገደማ ይመጣል። የእኔ ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ የተጋነነ ነበር።

ይህ ግድቡን አያሳንሰውም። የውሃ ኃይል ማመንጫ በጠቅላላ እንዲህ ነው የሚሠራው። ክረምትና በጋ አለ፣ ሰው መብራት የሚፈልግበትና የሚተኛበት ሰዓት አለ፤ ትርፍ አቅም የሚሠራው ለሚፈለግበት ሰዓት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም እንደ ማንኛችሁም ደስ ብሎኛል። 5,150 ውሸት አይደለም። 15,760ም ውሸት አይደለም። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ መልስ ናቸው። አንዱ «ጣሪያው የት ነው?» ለሚለው፣ ሌላው «በዓመት ስንት ይደርሰናል?» ለሚለው። የጥያቄዎቹን ልዩነት ሳላይ መልሶቹን ያደባለቅኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑን አንብቤ ፊውዙን ሳላይ።

የግድቡ ፊውዝ ወንዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ መግለጫ ሲደርሰኝ የማደርገው ይህ ነው። ቁጥሩን ከመጻፌ በፊት የሚገድበውን ነገር እፈልጋለሁ። ይህን ያህል ቤት ይሠራል ከተባለ ሲሚንቶው ስንት ነው? ይህን ያህል ሺህ ሰው ሠለጠነ ከተባለ አሠልጣኙ ስንት ነው፣ ክፍሉ ስንት ነው፣ ለስንት ቀን? ቁጥሩን የሰጠኝን ሰው መጠራጠሬ አይደለም። ማንኛውም ነገር የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ነው፤ ያ ቦታም ልክ አለው። ልኩን ካገኘሁ ስሌቱን የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ይጨርሰዋል። ይህን በማንም ላይ አድርጉት። በመንግሥትም፣ በተቃዋሚም፣ በነጋዴም፣ በእኔም ላይ።

ሁለተኛው ትምህርት ግን የአባቴን መዳፍ ያስከፈለኝ ነው። ለዚያ የተሳሳተ ጽሑፍ ማስተካከያ አውጥቻለሁ። በሐቀኝነት፣ በግልጽ፣ ስሜን ጠቅሼ። ማስተካከያውን ያነበበው ጽሑፉን ካነበበው እፍኝ የማይሞላ ነው። 45 ሺው እስከ ዛሬ አንዳንድ ቦታ ያጋጥመኛል። ለረጅም ጊዜ «ማስተካከያ አወጣለሁ፣ ስለዚህ ጥንቁቅ ጋዜጠኛ ነኝ» ብዬ አስብ ነበር። ማስተካከያ ከኅትመት በኋላ ማውጣት ግን ፊውዝን አምፑ ሳጥን ላይ መግጠም ነው። ከምንም ይሻላል፤ ሳጥኑን ያድናል፣ ማለትም የእኔን ስም። ገመዱን ግን አያድንም። ገመዱ ከእኔ እስከ እናንተ ያለው መንገድ ነው፤ የሚላጨውም መንገድ ላይ ነው። መቆጣጠሪያው መቀመጥ ያለበት ምንጩ አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ነው። «ልጥፍ» የሚለውን ከመጫኔ በፊት።

እናንተም አጋሪዎች ናችሁ። ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ በኪሱ ባትሪ ይዞ ይዞራል።

አምፕ ልትገዙ ለምትሄዱም አንድ ምክር። ካርቶኑን መልሳችሁ አስቀምጡት። ዕቃውን አስወጡና ፊውዙን እዩ። በላዩ ያለውን አምፔር በ14 አባዙ፣ ከውጤቱ ስድሳ በመቶ ያህሉን ውሰዱ፣ በስፒከሮቹ ቁጥር አካፍሉ። የምትሰሙት ያንን ነው። አርኤምኤስ ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ካለ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ገጣሚው ፊውዙን ባትሪው ጋ ካልገጠመ ደግሞ መኪናችሁን አታስነሱ።

ባለፈው ሳምንት ከአባቴ ጋር ከፊት ተቀምጬ ሄድኩ። ከኋላ አንድ ወጣት ተሳፍሯል። ሬዲዮው ላይ ዘፈን ነበር፤ ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ጥቂት ሲሰማ ቆየና «ፋዘር፣ ቆንጆ ሳውንድ ነው። ስንት ዋት ነው?» አለ።

«ስድስት» አለ አባቴ።

«ስድስት መቶ?»

አባቴ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየው።

«ስድስት። አልሰማ አለህ እንዴ?»